የብቅል ምሥጢርና የመዳብ ተስፋ

ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በጎጃም ከነገሡ፣ የጥንቱም ምንቆረር በደብሩ ስም ደብረ ማርቆስ ከተባለ ወዲህ፣ የነገሥታቱና የመሳፍንቱ ግብር በብራና ሲጻፍ፣ ግብሩን ያሳመረችው የጠማቂዋ ጥበብ ግን ከእናት ወደ ልጅ በቃልና በእጅ ሲወርድ ሲዋረድ ኖሯል።

ይህች ጠማቂ ጋኑን በግራዋ አሽታ አጥባ፣ በወይራ ጢስ አጥና፣ ብቅልና የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ትጠነስሳለች፤ ጥንስሱ ሲነሣ የዳጉሳ ቂጣ ፈትፍታ ትጨምርበትና አፉን ትከድናለች። ድፍድፉ ሲፈላ ጆሮውን ወደ ጋኑ ያስጠጋ ሰው አረፋው ሲንሾካሾክ ይሰማል፤ ያ ድምፅ ሲበርድ እሳት ላይ ጥዳ አረቄውን ታወጣለች፤ ያንኑ መልሳ ብታወጣው ዳግም ይባላል።

በብቅሉ ውስጥ ያለው ረቂቅ ነገር ብዙውን ዱቄት ወደ ስኳር ይለውጣል እንጂ እርሱ በለውጡ አያልቅም። ፓየንና ፐርሶ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1833 እ.ኤ.አ. ከብቅል ለይተው ዲያስቴዝ አሉት፤ ስዊድናዊው ሊቅ በርዜሊየስም በ1835 ይህን ከምሳሌዎቹ አንዱ አድርጎ፣ ራሱ ሳያልቅ ሌላውን የሚለውጠውን ኃይል ካታሊሲስ ብሎ ሰየመው። እንግዲህ ይህ ኃይል ያለው ነገር፣ ካታሊስት፣ ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ ግብሩ በጎጃም ጓዳ የቆየ ነው።

ዳሩ ግን የጋኑ ሹክሹክታ የብክነት ድምፅ ነው፤ በጥንስሱ ውስጥ ያለው እርሾ ስኳሩን ሲሰብረው ከ100 እጅ 51 ያህሉ አልኮል ሲሆን፣ 49 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበንናል። ይህን ጋዝ መልሶ ለጥቅም ማዋል ይቻል እንደ ሆነ ሊቃውንት ሲመረምሩ ኖረው፣ በ1985 እና በ1986 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ዮሺዮ ሆሪና ባልደረቦቹ ውሃ ውስጥ በተነከረ መዳብ ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ሚቴንና ወደ ኤቲሊን ሲለወጥ አሳዩ፤ ከመዳብ ላይ አልኮልም ይገኛል። ወርቅና ብር በዚህ ሥራ በአብዛኛው ካርቦን ሞኖክሳይድን ብቻ ሲሰጡ፣ ጽናሕና መስቀል የሚሠራበት መዳብ በለጣቸው።

ነገር ግን ካታሊስት መንገድ ያቀናል እንጂ ስንቅ አይሆንም፤ ስንቁ ኃይለ ኤሌክትሪክ ነው። ይህንም ጎጃምን እንደ መቀነት የከበበው ዓባይ ከጢስ ዓባይ ጀምሮ ሲሰጥ ኖሯል፤ የጣና በለስ ጣቢያም 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። እናንተ የኬሚስትሪ መምህራን ሆይ፣ ስለ ካታሊስት ስታስተምሩ ከመጽሐፉ አስቀድማችሁ ልጆቹን ወደ እናቶቻቸው ጋን ስደዷቸው።