ልደተ አፈር፤ «ፔዶጄነሲስ» ለተባለው ቃል የቀረበ ትርጓሜ

ከዊንጌት ተነሥቶ በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩና ወደ ሆለታ በሚያልፈው በአምቦ መንገድ ግራና ቀኝ፣ በተለይም በተዳፋቱ ላይ፣ ቤት የማይሠራበት ወር ስለሌለ፣ ለመሠረት ከተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው መጽሐፍ ሳይገልጥ ብዙ ነገር ያነባል። ከላይ አንድ ስንዝር ያህል፣ የሣርና የባሕር ዛፍ ሥር የተጠላለፈበት ጠቆር ያለ አፈር አለ፤ ከእርሱ በታች ቀይ አፈር ይከተላል፤ ጓሉ በእጅ ሲሰበር ፊቱ ቅቤ እንደ ነካው ያብለጨልጫል፤ ወረድ ሲባል ቅርጹ ድንጋይ የሆነ፣ ነገር ግን በጣት ሲነካ እንደ ሽንኩርት እየተላጠ የሚፈርስ ነገር ይገኛል፤ ከሁሉም በታች ዶማውን አንጥሮ የሚመልሰው ጥቁር ድንጋይ ተጋድሟል። ቆፋሪዎቹ ሊደርሱበት የሚሹት እርሱን ብቻ ነው፤ እኛ ግን ያ ደረቅ ድንጋይ በምን መንገድ ቀይ አፈር ሊሆን እንደ በቃ እንጠይቅ። ይህን ከድንጋይ እስከ አፈር ያለውን ረጅም ጉዞ የውጭ አገር ሊቃውንት «ፔዶጄነሲስ» ይሉታል።

ቃሉ ከጽርእ ልሳን የተውጣጣ ነው፤ «ፔዶን» ምድር፣ «ጄነሲስ» መገኛ ወይም ልደት ማለት ሲሆን፣ ይህ ሁለተኛው አባቶቻችን «ዘፍጥረት» ብለው የሚጠሩት የኦሪት የመጀመሪያ መጽሐፍ የጽርእ ስም ነው። ስለዚህ «ፍጥረተ አፈር»፣ ወይም በትምህርት ቤት እንደ ተለመደው «የአፈር አፈጣጠር» ማለት ይቀል ነበር። እኔ ግን አልወደድሁትም። ፍጥረት በሊቃውንት አነጋገር እምኀበ አልቦ፣ ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣት ነው፤ አፈር ግን ወላጅ አለው፤ የዚህ ዕውቀት ባለቤቶች ራሳቸው ከሥር ያለውን ዓለት «ወላጅ» ብለው ይጠሩታልና። ወላጅ ካለ ልደት አለ፤ ስለዚህም «ልደተ አፈር» ብዬዋለሁ። «ልደተ መሬት» ቢባል ለግእዙ ይበልጥ ይስማማ ነበር፤ በግእዝ መሬት አፈር ማለት ነውና፤ ዳሩ ግን ዛሬ አስኮ ላይ መሬት ሲባል ሰው የሚያስበው ካርታውንና ካሬውን ስለሆነ፣ ቃሉ ከእጃችን ወጥቷል።

የሃይማኖቱን ምሥጢር ለአፈር ማዋስ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ አፈርም ቀዳማዊና ደኃራዊ ልደት አለው እላለሁ። ቀዳማዊው የዓለቱ መፍረስ ነው፤ የዝናብ ውኃ ከአየሩና ከሥሮች እስትንፋስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቀብሎ ደካማ አሲድ ይሆንና፣ በስንጥቁ እየገባ ማዕድኑን ያላላል፤ የሚሟሟውን ይዞ ይሄዳል፤ የተረፈው ወደ ሸክላነት ሲለወጥ ብረቱ እንደ ተጣለ ማረሻ ይዝጋል፤ የአስኮ አፈር ቀይነትም ይኸው ዝገት ነው። ይሁን እንጂ የፈረሰ ድንጋይ ገና አፈር አይባልም። ሥርና ቅጠል ሲበሰብስበት፣ ምስጥና ትል ሲያገላብጠው፣ ደቃቁ ሸክላ ከላይኛው ክፍል ታጥቦ ወደ ታችኛው ሲሰርግ፣ በጉድጓዱ ግድግዳ ያየናቸው ደርዞችም አንዱ ከሌላው እየተለየ ሲወጣ፣ ያን ጊዜ ደኃራዊ ልደቱ ተፈጸመ ይባላል። አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት ሊፈልግ ይችላል።

አፈር የድንጋይ ዱቄት ሳይሆን የራሱ ባሕርይና ታሪክ ያለው አካል መሆኑን አጉልቶ ያስተማረው፣ በ1883 እ.ኤ.አ. ስለ ሩሲያ ጥቁር አፈር ታላቁን መጽሐፉን ያሳተመው ቫሲሊ ዶኩቻዬቭ ነው። ሃንስ ዬኒም በ1941 እ.ኤ.አ. ምክንያቶቹን አምስት አድርጎ አስተካክሎ ጻፋቸው፤ እነርሱም የአየር ጠባይ፣ ሕያዋን፣ የቦታው አቀማመጥ፣ ወላጁ ዓለትና ዘመን ናቸው። ከአምስቱ ለሸዋ ሰው ከሁሉ ይልቅ በዓይን የሚታየው አቀማመጥ ይመስለኛል።

በዚሁ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ ቢጓዙ፣ በሆለታ ዙሪያ ያ የሚያብለጨልጨው ቀይ አፈር (በሮማይስጥ ከማብለጭለጩ የተነሣ «ኒቲሶል» ተብሏል) ይታያል፤ ጊንጪ ሲደርሱ ግን ኦሮሞው ገበሬ «ኮቲቻ» የሚለው ጥቁር ዋልካ ሜዳውን ሞልቶታል። የሁለቱም ወላጅ እሳተ ገሞራ የተፋው ዓለት ነው፤ ልጆቹ ግን አይመሳሰሉም። በተዳፋቱ ውኃው ሳይተኛ ስለሚያልፍ የሚሟሟው ታጥቦ ብረቱ ይቀራል፤ ታጥቦ የወረደው ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሲሊካ ግን ሜዳው ላይ ከተኛው ውኃ ጋር ተኝቶ፣ ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሸበሸብ ሸክላ ይወልዳል። የዶኩቻዬቭ አፈር የጠቆረው ከብስባሽ ብዛት ነው፤ የእኛ ዋልካ ግን ብስባሹ ያን ያህል ሳይበዛ ይጠቁራልና መልኩን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ይሳሳታል። በበጋ ክንድ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ የላዩ ብናኝ ወደ ስንጥቁ ይወርዳል፤ ክረምት ሲገባ አብጦ የዋጠውን ወደ ጎንና ወደ ላይ ይገፋል፤ እንዲህ ራሱን በራሱ ስለሚያርስም ደርዞቹ ጎልተው አይለዩም፤ «ቨርቲሶል» የተባለውም «መገልበጥ» ከሚለው የሮማይስጥ ቃል ነው። ገበሬው ይህን ጠባዩን ስለሚያውቅ ውኃው እስኪጎድል ታግሦ፣ ሽምብራውንና ጓያውን ወደ መስከረም ገደማ ይዘራበታል።

ግንበኛም ያውቀዋል፤ ዋልካ ያጋጠመው እንደ ሆነ ጥቁሩን አስወጥቶ ገረጋንቲ ያስሞላል። ይህን ወጪ ሸሽቶ እንዲሁ ግድግዳ ያቆመ አንድ ዘመድ አለኝ፤ ሐምሌ በገባ ቁጥር የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ ይለዋል፤ በጥር ደግሞ በግድግዳው ስንጥቅ በኩል የጎረቤቱን ሬዲዮ ከዜናው እስከ ዘፈኑ ያዳምጣል።