ዊሊያም ሊዮ ሀንስቤሪ እና የአፍሪካ ታሪክ ጥናት አጀማመር

ዊሊያም ሊዮ ሀንስቤሪ (1894–1965) የአፍሪካ ታሪክ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ሆኖ እንዲሰጥ ፈር ከቀደዱ ትውልደ አፍሪካውያን ምሁራን አንዱ ናቸው። የጥናታቸው ማዕከል ጥንታዊት ኢትዮጵያ ስትሆን፣ ከኢትዮጵያውያን ጋር የነበራቸው የሥራ ግንኙነትም ረጅም ዘመን የቆየ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥናቱ መነሻ

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አፍሪካ አውሮፓውያን ከመድረሳቸው በፊት ታሪክ አልነበራትም የሚለው አስተሳሰብ በምዕራቡ ዓለም የትምህርት ተቋማት ተስፋፍቶ ነበር። ይህን አስተሳሰብ በጽሑፍ ከተቃወሙት መካከል ዱ ቦይስ እና ካርተር ዉድሰን ይገኙበታል። ዉድሰን በ1915 የጥቁር ሕዝቦችን ታሪክ የሚያጠና ማኅበር፣ በ1916 ደግሞ የምርምር መጽሔት መሥርተዋል።

በሚሲሲፒ ግዛት ግሎስተር ከተማ የተወለዱት ሀንስቤሪ፣ በአትላንታ ተማሪ ሳሉ ዱ ቦይስ በ1915 ያሳተሙትን መጽሐፍ አነበቡ። በመጽሐፉ የተጠቀሱትን ምንጮች ራሳቸው ለመመርመር በመሻት ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው በ1921 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ።

የማስተማር ሥራ እና የገጠማቸው ፈተና

ሀንስቤሪ በ1922 በዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። ያዘጋጇቸው ትምህርቶች በቅድመ ታሪክ ዘመን የነበሩ ጥቁር ሕዝቦችን፣ የጥንታዊት ኢትዮጵያን ሥልጣኔ እና በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የምዕራብ አፍሪካ መንግሥታትን የሚመለከቱ ነበሩ። ለማስረጃነት የግሪክና የሮም ጸሐፍትን ሥራዎች፣ የዐረብ ጂኦግራፊ ሊቃውንትን ዘገባ እና የሥነ ቁፋሮ ግኝቶችን በአንድነት ይጠቀሙ ነበር።

ይሁን እንጂ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻቸው ትምህርቱ በቂ ማስረጃ የለውም በማለት ክስ በማቅረባቸው መርሐ ግብሩ ለመዘጋት ተቃርቦ ነበር። ትምህርቱ ቢቀጥልም ለምርምር የሚያስፈልገው ገንዘብ በቀላሉ አልተገኘም። በ1932 ከሃርቫርድ ሁለተኛ ዲግሪ ቢያገኙም፣ በመረጡት መስክ የሦስተኛ ዲግሪ ጥናታቸውን ለመምራት የተዘጋጀ ዩኒቨርሲቲ በወቅቱ ባለመኖሩ ዲግሪውን ሳያገኙ ቀርተዋል። በሀዋርድ ግን እስከ 1959 ድረስ አስተምረዋል።

ከኢትዮጵያ ጋር የነበራቸው ግንኙነት

ሀንስቤሪ በ1934 በሀዋርድ ሕክምና ያጠና ከነበረው ከመላኩ በያን እና ከሌሎች ጋር በመሆን የኢትዮጵያ ምርምር ምክር ቤትን አቋቋሙ። የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ በተቃረበበትና በተፈጸመበት ጊዜ ምክር ቤቱ ስለ ኢትዮጵያ ትክክለኛ መረጃ ለአሜሪካ ሕዝብ ለማድረስ ሠርቷል። ዶክተር መላኩ በያን በበኩላቸው በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን በመመሥረት፣ ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ ነጻነት ድጋፍ እንዲያሰባስቡ አድርገዋል።

ዘግይቶ የመጣ ዕውቅና

ለሀንስቤሪ ሥራ ጉልህ ዕውቅና የመጣው ነጻ ከወጡ የአፍሪካ አገሮችና ከኢትዮጵያ ነው። የቀድሞ ተማሪያቸው ንናምዲ አዚኪዌ የናይጄሪያ መሪ ከሆኑ በኋላ፣ በንሱካ በሚገኘው የናይጄሪያ ዩኒቨርሲቲ በ1963 የአፍሪካ ጥናት ተቋም በሀንስቤሪ ስም ተከፈተ። በ1964 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ለአፍሪካ ጥናት ላበረከቱት አስተዋጽኦ ሸለማቸው። በቀጣዩ ዓመት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ሀንስቤሪ በሕይወት ሳሉ ዐቢይ መጽሐፋቸውን ለኅትመት አላበቁም። ከማስታወሻዎቻቸው የተውጣጡ ሁለት ቅጾች በታሪክ ምሁሩ ጆሴፍ ሃሪስ አዘጋጅነት በ1974 እና በ1977 ታትመዋል። የመጀመሪያው ቅጽ ስለ ንግሥተ ሳባ ትውፊት እና ስለ ክርስትና በኢትዮጵያ አጀማመር ጭምር ይተነትናል።

ለአንባቢያንና ለተመራማሪዎች

የሀንስቤሪን ሥራዎች የሚያነብ ሰው አንድ ነጥብ ልብ ሊል ይገባል። በጥንታውያን የግሪክ ጽሑፎች «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ብዙውን ጊዜ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር፣ በተለይም በዛሬዋ ሱዳን የነበረውን የኩሽ መንግሥት ያመለክታል። ስለዚህ ስሙ በእያንዳንዱ ምንጭ የትኛውን ሥፍራ እንደሚያመለክት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

በአገር ውስጥ የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ታሪክ ማጥናት የሚሹ ዜጎች፣ በ1963 በተመሠረተውና በስድስት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እንዲሁም በ1944 በተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተሰበሰቡ መጻሕፍትንና የጽሑፍ ቅርሶችን በምንጭነት ሊጠቀሙ ይችላሉ።