ዋንጫውን ማን ይወስዳል? የፈረሰኞቹ ዘመን፣ የባንኩና የመድኑ ዘመን

በቂርቆስና በካዛንቺስ የኳስ ትንበያ የቆየ ሙያ ነው። ሊጉ ሊጀመር ሲል «ዘንድሮ የማን ነው?» ሲባል የጊዮርጊሱ ደጋፊ ሳያስብ ይመልሳል፣ የቡናው ደጋፊ «ዘንድሮስ...» ብሎ ይጀምርና ሳይጨርሰው ይስቃል። ዘንድሮ የማን ነው ለማለት ግን የተጫዋች ዝርዝር ማየት ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አልፏል። እንዴት እንዳለፈ ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ አንድ ቁጥር። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም ሲጀመር ዋንጫውን የወሰደው መብራት ኃይል ነበር። ከዚያ ከ1991 እስከ 2009 ባሉት 19 የውድድር ዓመታት ቅዱስ ጊዮርጊስ 14 ጊዜ አሸነፈ። የቀሩትን አምስት መብራት ኃይል፣ ሐዋሳ ከተማ (ሁለት ጊዜ)፣ ኢትዮጵያ ቡናና ደደቢት ተቃመሱ። በዚያ ዘመን «ጊዮርጊስ» ብሎ የተወራረደ ሰው ከአራት ሦስቱን ጊዜ ያህል ገንዘቡን ይበላ ነበር ማለት ነው።

ከ2010 እስከ 2017 ያለውን ተመልከቱ። ጅማ አባ ጅፋር፣ መቀሌ 70 እንደርታ፣ በ2012 በኮሮና ምክንያት የተሰረዘ ውድድር፣ ፋሲል ከነማ፣ ጊዮርጊስ ሁለት ጊዜ፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮጵያ መድን። በሰባት ዋንጫ ስድስት ባለቤት። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

በነገራችን ላይ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ እኩልነት ሆን ተብሎ የሚሠራበት ሊግ አለ። የአሜሪካኖቹ የእጅ ኳስ መሳይ «ፉትቦል» ቡድኖቹን በአራት በአራት በስምንት ምድብ ከፍሎ ያጫውታል። ካለፈው ዓመት ደካማ የነበረው ቡድን አዲስ ተጫዋቾችን ቀድሞ ይመርጣል፤ ይህ አሠራር ከእ.ኤ.አ 1936 ጀምሮ አለ። ከ1994 ወዲህ ደግሞ ለደመወዝ ጣሪያ ተበጅቷል፣ የአገር አቀፉ የቴሌቪዥን ገንዘብም እኩል ይከፋፈላል። ዛሬ የተሸነፈ ነገ የሚነሳው በሕግ ነው። የእኛው ግን በሕግ የመጣ አይመስለኝም። በ2011 ክለቦችና ፌዴሬሽኑ የ50 ሺህ ብር የወር ደመወዝ ጣሪያ ተስማምተው ነበር፤ ጣሪያው ምን ያህል እንደተከበረ ኳስ የሚከታተል ሁሉ ያውቃል።

የእኛን ሊግ ሁልጊዜ የወሰነው ከጀርባ የቆመው ደመወዝ ከፋይ ነው። በ1936 ዓ.ም የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ የጣሊያኑ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩበት፤ በ1928 የተመሠረተው ጊዮርጊስ የሀገሬውን ወገን ይዞ ገባ። በኋላ የጦር ሠራዊት ቡድን ተቆጣጠረ። በ1950ዎቹ የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ደጋግሞ ዋንጫ ወሰደ። ከ1961 እስከ 1966 ደግሞ አብዛኞቹን ዋንጫዎች የአሥመራ ቡድኖች ጠቀለሉ። የፋብሪካው ጭስ ባለበት ኳሱም አለ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ከአሥመራ መምጣቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

የዛሬዎቹ ከፋዮች የመንግሥት ተቋማትና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። ከተማ የሚከፍለው ቡድን በአንድ ዓመት ይነሳል፣ በጀቱ ሲዞር በሁለት ዓመት ይወድቃል። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ሊጉ በገባበት ዓመት ዋንጫ ወሰደ፤ በ2014 ግን ወረደ። ደደቢት በ2005 ሻምፒዮን ነበር፣ በ2011 ወረደ። መቀሌን ያቆመው በጀት ሳይሆን ጦርነት ነው፤ ሊጉን እንደገና ያየው በ2017 ነው። ንግድ ባንክ ከከፍተኛ ሊግ ባደገ ማግስት በ2016 አሸነፈ። መድን ካደገ በሦስተኛ ዓመቱ። እነዚህን ሁሉ «ተአምር» ማለት ይቀላል፤ እኔ ግን የበጀት ታሪክ ነው የምለው።

ከበጀቱ ጎን ደግሞ አሠልጣኝ አለ። ጅማን በ2010፣ መቀሌን በ2011፣ መድንን በ2017 ሻምፒዮን ያደረገው አንድ ሰው ነው፤ ገብረመድህን ኃይሌ። ሦስት ክለብ፣ ሦስት ከተማ፣ ሦስት ዓይነት ባለቤት። ትንበያ ለሚያወጣ ሰው «ገብረመድህን የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ከአጥቂ ዝውውር ወሬ ሁሉ ይበልጣል። (ቡናን በ2003 ለብቸኛው የሊግ ዋንጫው ያበቃው ውበቱ አባተም እዚህ ጋ መረሳት የለበትም።)

ሦስተኛው ጉዳይ ሜዳው ነው፤ ቂርቆስን የሚነካውም እሱ ነው። እስከ 2012 ድረስ የአዲስ አበባ ክለቦች ትልቁ ጉልበት ስታዲየሙ ነበር። የካዛንቺስ ልጅ በባምቢስ ወርዶ መስቀል አደባባይን ተሻግሮ በእግሩ ይደርሳል፣ የቂርቆሱማ ጩኸቱን ቤቱ ሆኖ ይሰማል። በ2013 በኮሮና ምክንያት ውድድሩ በአንድ ከተማ እየተሰበሰበ መካሄድ ጀመረ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እያለ ዞረ፤ የዲኤስቲቪ ስርጭትም አብሮ ገባ። በሽታው ሲያልፍ አሠራሩ ቀረ። ጊዮርጊስና ቡና የሚያስፈራ ሜዳቸውንና የመግቢያ ገቢያቸውን አጡ። መድንና ባንክ ግን ብዙ ደጋፊ ስላልነበራቸው ያጡት ነገር የለም! ባዶ ሜዳ ላይ ያለ ጫና ተጫውተው ደመወዛቸውን ከተቋማቸው ያገኛሉ።

በዚህ ላይ በ2017 መጀመሪያ የካዛንቺስ ሰፈር ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ስሙን ከጣሊያን ዘመን የመንግሥት ሠራተኞች ቤት የወረሰው ሰፈር ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳር ዳር ሄዱ። አብሮ ዋንጫ የሚጠብቅ፣ አብሮ የሚሰደብ፣ አብሮ ለክለቡ መዋጮ የሚያወጣ ሰፈር ተበተነ። ስታዲየሙ ነገ በሙሉ አቅሙ ቢከፈት እንኳ በእግሩ የሚመጣው ሰው ያን ያህል አይሆንም።

እንግዲህ ትንበያዬ። ለሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት መድን፣ ባንክና መቻል በደመወዛቸው ልክ ከላይ ይቆያሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢወድቁ የሚገርመኝ የበላይ ተቋማቸው ሐሳብ ካልቀየረ ብቻ ነው። ጊዮርጊስ ዋንጫ መውሰዱ አይቀርም፣ 14 ከ19 ግን አይመለስም። ከተሞቹ አንድ አንድ ጊዜ እየፈነዱ ይጠፋሉ። ቡና? ቡና የራሱን ሜዳ እስኪያገኝ ድረስ በሁለተኛው ዋንጫ ላይ አልወራረድም፤ ደጋፊዎቹ ግን ከማንም ቀድመው ቲኬት እንደሚገዙ እወራረዳለሁ።