የነከሰ ሞተር በጉልበት አይለቅም

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ስለ አንዲት ትንሽ ሞተር ላውጋችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በጀርመን አገር፣ በሳክሶኒ ግዛት፣ ቾፓው በምትባል ከተማ ነው። ዴንማርካዊው ዮርገን ስካፍተ ራስሙሰን እዚያ ያቋቋመው ዴካቬ የተባለ ፋብሪካ በ1920ዎቹ ማብቂያ ላይ ከዓለም ሞተር ሳይክል ሠሪዎች ሁሉ ትልቁ ለመባል በቅቶ ነበር፤ ዓመቱን ሁሉ የምነግራችሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በዚህ ፋብሪካ ሄርማን ቬበር የሚባል መሐንዲስ ነበር። ይህ ሰው በ1939 አርቲ 125 የተባለችውን ሞተር ሳይክል ሠርቶ አወጣ። የሲሊንደሯ ስፋት 52 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኗ ጉዞ 58 ሚሊ ሜትር፣ ይዘቷ 123 ሲሲ ነው። ቫልቭ የላትም፤ የዘይት ፓምፕም የላትም። ዘይቷ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ይገባል። የሲሊንደሯ ግድግዳ መስኮቶች አሉት፤ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ እነዚያን መስኮቶች ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል።

ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ጀርመንም ተሸነፈች። ሶቭየቶች የቾፓውን ፋብሪካ ነቅለው ወሰዱ። ቬበርም አብሮ ተወሰደ፤ በ1948 ዓይኑን የከደነው እዚያው በሶቭየት ምድር ነው። የሠራት ሞተር ግን በጦርነት ካሳ ስም በየአገሩ ተሰራጨች። ሶቭየቶች ሞስክቫ ኤም1ኤ ብለው ሠሯት። አሜሪካ ውስጥ ሃርሊ ዴቪድሰን ለ1948 ሞዴል 125 ብሎ አወጣት። እንግሊዝ አገር ቢኤስኤ በዚያው በ1948 ባንተም ብሎ ሰየማት። እንግሊዞቹ ንድፉን ከግራ ወደ ቀኝ ስለገለበጡት የማርሿ ፔዳል እንደ አገራቸው ልማድ በቀኝ እግር በኩል ሆነ። ጃፓን ውስጥም ያማሃ በ1955 የመጀመሪያውን ሞተር ሳይክሉን፣ ዋይኤ-1ን፣ ሲያወጣ አርአያ ያደረገው ይህችኑ የቬበርን ሥራ ነበር። በአገራችን የገጠር መንገድ ያማሃ ሲያልፍ ያያችሁ ሁሉ፣ የዚያ ቤት የበኩር ልጅ በማን አምሳል እንደተሠራች አሁን አወቃችሁ።

እንግዲህ የዛሬው ወሬዬ ስለ አንዲት ባንተም ነው፤ በበርሚንግሃም ከተማ፣ ቢኤስኤ በነበረበት በዚያው አገር፣ በአንድ ጓሮ ሼድ ውስጥ ለረጅም ዘመን ቆማ ስለኖረች። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቀለሟ አሁንም በአቧራው ሥር ይታያል። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት የቴሌግራም አመላላሾች የነዷቸው ባንተሞች ቀይ ነበሩ፤ ይህች ግን ለሕዝብ ከተሸጡት አንዷ ናት። ከሟች ጎረቤታቸው ቤተሰብ የተረከቧት፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ እጃቸው በግራሶ የጠቆረ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አንድ አባት ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ።

ሞተሯ ነክሷል፤ ፔዳሉን ቢረግጡት ንቅንቅ አይልም። የልጅ ልጃቸው ሙሉ ክብደቱን ሊጭንበት እግሩን ሲያነሳ ጋሼ ክንዱን ያዙት።

«ተው ልጄ፣ እንዲህ አይደለም። አንተ ስትረግጣት ፒስተኑን የያዘው ቢየላ ሊጣመም፣ የማስነሻው ጥርስ ሊረግፍ ይችላል። መጀመሪያ ለምን እንደነከሰች እንጠይቃት።»

ሞተር የሚነክሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በሩጫ ላይ ሳለ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይሰፋል። 52 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ፒስተን ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ቢጨምር 0.12 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ የብረቱ ሲሊንደር ግን በዚያው ሙቀት 0.06 ብቻ። ዘይት ካነሰ ወይም ትርፍ አየር ገብቶ ሞተሩ ከልክ በላይ ከጋለ፣ በሁለቱ መካከል የነበረችው ክፍተት ታልቅና አሉሚኒየሙ ግድግዳው ላይ ይለሰናል። ሁለተኛው መንገድ በመቆም ነው። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ከቆመ የእንግሊዝ አገር እርጥበት ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ የጭስ መውጫው መስኮት ክፍት ሆኖ ከሆነማ በጭስ ማውጫው፣ በማርሚታው በኩል ሰተት ብሎ ይገባል። ከዚያ ሲሊንደሩ ይዝጋል፤ ፒስተኑ የታጠቃቸው ቀለበቶች፣ ፋሻዎቹ፣ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃሉ።

ጋሼ ካንዴላውን ፈትተው በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ አዩ። ፒስተኑ መሀል መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ከላዩ ቡናማ ዝገት ክብ ሠርቷል። «በመቆም ነው የነከሰችው» አሉ፤ ፊታቸው ፈካ። በሩጫ ከነከሰው ይልቅ በመቆም የነከሰው ብዙ ጊዜ ይድናል።

መድኃኒቱ አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል በእኩል ተደባልቆ ነው። አሴቶን እሳት ይወዳል፤ ስለዚህ ሥራው ደጅ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ነው የሚሠራው። በካንዴላው ቀዳዳ አፈሰሱበትና ተዉት። በየማለዳው እየመጡ ያዩታል፤ ሲጎድል ይጨምሩበታል። መጉደሉ ራሱ የምሥራች ነው፤ በፒስተኑ ዳርና ዳር ሰርጎ እያለፈ ነው ማለት ነውና። ከዚያ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አነሱ፤ ፈሳሹን ጠራርገው፣ አሴቶኑ ተንኖ እስኪያልቅ ጠበቁ። ቀጥለው የሲሊንደሩን ውጫዊ ክንፎች በሞቃት አየር ማሞቂያ ዙሪያውን አሞቁት። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ ቆይቶ ወደ ፒስተኑ ከደረሰ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ይበልጥ ይሰፋና ይባስ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ ቀድሞ በሰፋባት በዚያች አጭር ጊዜ መሥራት ያስፈልጋል። በፒስተኑ ራስ ልክ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ጠንካራ እንጨት አስቀመጡና በመዶሻ ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉት።

«እስቲ እዚህ እጅህን አድርግ» አሉኝ፤ እጄን የማግኔቱ ጎማ ላይ አኖርኩ። በእንጨቱ ላይ ሌላ ምት አረፈ። ከጣቴ ሥር ብረቱ ከጥፍር ስፋት ያነሰ ፈቀቅ አለ። ጋሼ መዶሻውን ወዲያው አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ሥራው የመፍቻ ሆነ፤ ወደፊት ትንሽ፣ ወደኋላ ትንሽ፣ መሀሉ ላይ ዘይት ጠብ እያደረጉ፣ ሲሊንደሩ ከፒስተኑ ላይ ወልቆ በእጃቸው እስኪገባ ድረስ።

መልቀቋ ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ግድግዳው ዝገት በልቶት ጉድጓድ ጉድጓድ ስለሆነ ሬክቲፋይ ይደረጋል። በዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ መጀመሪያ ከፍ ያለ ልክ ያለው አዲስ ፒስተን ይገዛል፣ ከዚያ ሲሊንደሩ በፒስተኑ ልክ ይቦረቦራል። ተገልብጦ ከተሠራ ልክ የሚሆን ፒስተን ፍለጋ መንከራተት ይመጣል። የቢየላው ታችኛው ኩሽኔታም ይፈተሻል። ቢየላው ወደ ጎን ትንሽ ቢንቀሳቀስ ጤነኛ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ ግን ክራንኩ ተፈትቶ በልዩ ባለሙያ ተጭኖና ተቃንቶ ካልተሠራ በስተቀር ሞተሩ ዕድሜ የለውም። የክራንኩ ዘይት ማገጃ ጎማዎች ያለ ጥያቄ ይቀየራሉ። በእንዲህ ያለ ሞተር የክራንኩ ቤት የአየርና የቤንዚን መግፊያ ፓምፕ ነው፤ የደረቀ ጎማ አየር ካስገባ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ፒስተኑ ይግላል፣ አዲሱም ፒስተን እንደ አሮጌው ይነክሳል።

አሁን ወደ ፋሻዎቹ ልውሰዳችሁ፤ የሥራው ልብ እዚህ ነውና። ጋሼ አዲሱን ፋሻ ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ከተቱና በፒስተኑ ራስ ገፍተው ቀጥ አድርገው አስቀመጡት፤ ከዚያ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ ለኩ። 0.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው ፒስተኑን ወደ ብርሃኑ አዙረው በፋሻው መቀመጫ ቦይ ውስጥ ያለችውን የጤፍ ፍሬ የምታህል ሹል ብረት አሳዩኝ። ያቺ ችንካር ፋሻው እንዳይዞር ትይዘዋለች። ፋሻው ዞሮ ጫፉ መስኮት ላይ ቢደርስ ወደ ውጭ ብቅ ይልና በሚቀጥለው ጉዞ ይሰበራል፤ ስባሪውም ሲሊንደሩን ያርሰዋል። ስለዚህ የፋሻው ሁለት ጫፎች ችንካሯን መሀል አስገብተው መቀመጥ አለባቸው። ጋሼ ሲሊንደሩን ሲያወርዱ ፋሻውን በአውራ ጣታቸው ጨምቀው ይዘው እስትንፋሳቸውን አፍነው ነበር፤ አንዳች ነገር ቢይዝ አንድም ግፊት አይጨምሩም፣ መልሰው አንስተው ያዩታል።

ካርቡራቶሩ ታጠበ፣ ማርሚታው ተጠረገ፣ ጓርኒሲዮኖቹ ተቀየሩ። ሃያ እጅ ቤንዚን ከአንድ እጅ ዘይት ጋር ተደባልቆ ተሞላ። ጋሼ ፔዳሉን ለልጅ ልጃቸው ለቀቁለት። ሰማያዊ ጭስ ጓሮውን ሞላው፤ ባንተሟም ከነዚያ ሁሉ ዓመታት በኋላ ድምፅ አሰማች። መጀመሪያ ላይ ሳይጭኗት፣ ሳያስሮጧት፣ አዲሱ ፋሻና አዲሱ ግድግዳ እስኪላመዱ በልኩ ነዷት።

እኔ ከዚህ ሥራ የተረዳሁት ይህን ነው፤ ቆሞ የነከሰ ሞተር ብዙ ጊዜ የሞተ ሞተር አይደለም፤ የሚገድለው የሚቸኩል እጅ ነው። እናንተም በየጓሯችሁ፣ በየአባቶቻችሁ መጋዘን እንዲህ ያለ የቆመ ሞተር ካላችሁ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ካንዴላውን ፍቱ፣ ዘይት አፍስሱበት፣ ጊዜ ስጡት። ፔዳሉን ግን አትርገጡ።