ሴት ልጆች የሚያድሩበት ቤት

እ.ኤ.አ. በ1909 በለንደን ክሪስታል ፓላስ የወንድ ስካውቶች ትልቅ ሰልፍ ተደረገ። ጥቂት ልጃገረዶችም ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ተሰለፉ። በዓመቱ ሮበርት ባደን ፓወል ከእህታቸው ከአግነስ ጋር ሆነው ለሴቶቹ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ።

ከየአገሩ የሚመጡ ልጃገረዶች ግን የት ይገናኙ? የትስ ይደሩ? መልሱን የሰጡት ሄለን ስቶሮው የተባሉ አሜሪካዊት ናቸው። በገንዘባቸው በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል፣ በአደልቦደን፣ የእንጨት ቤት አሠሩ። ቤቱ በ1932 ተከፈተ፤ በኃላፊነትም አንዲት ስዊዘርላንዳዊት ተቀመጡበት። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ቤቱ እናት ነበረችው።

በኋላ ሜክሲኮ በ1957፣ የሕንዷ ፑኔ በ1966 ተጨመሩ። የለንደኑ ፓክስ ሎጅ ይባላል፤ ፓክስ በላቲን ሰላም ነውና የፍኖተ ሰላም ልጆች ስሙ አይከብዳችሁም። የአፍሪካው ኩሳፊሪ ግን የራሱ ሕንፃ የለውም። ስሙ በስዋሂሊ መጓዝ ማለት ነው፤ እንደ እስራኤል የመገናኛ ድንኳን ከአገር ወደ አገር ይዞራል።

በእኛ ዘንድ ቡሬ ላይ ኮንፈረንስ ሲሆን ከገጠር አጥቢያዎች የሚመጡት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። አባቶች «የት ታድራለች? ማንስ አብሯት አለ?» ይላሉ። ይህን የእምነት ማነስ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው እላለሁ። በግብዣው ደብዳቤ ላይ የእህቶችን ማደሪያና አብራቸው የምታድረውን እናት ስም ብንጽፍስ? የድምፅ ማጉያው ነገር ቆይቶ ይደርሳል።