አያታችን የቆፈሩት ጉድጓድ



በዘንድሮው መጽሔት ስለ ቀድሞ አባቶች እንዲጻፍ በተጠየቀው መሠረት እኛም ስለ አያታችን ጥቂት ለማለት ብዕር አንስተናል። የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ዕድሜያችንንም የጨረስነው መዝገብ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ስንመዘግብ ስለሆነ፣ የአጻጻፍ ጉድለት ቢገኝ ይቅርታ ይደረግልን።

አያታችንን አካኮ ነበር የምንላቸው። ትውልዳቸው አርሲ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን የማይጠይቁት ነገር አልነበረም። የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እርሳቸው ጎረምሳ ሳሉ ይህንን የሚጮኽ ብረት ካላየሁ ብለው ከደጋው ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው አዳማ ጣቢያ ደረሱ። ሌላው ሰው ጭሱንና መንኮራኩሩን ሲያይ አካኮ የገረማቸው ባቡሩ ውኃ መጠጣቱ ነው። አንዱን ሠራተኛ ጠጋ ብለው፣ «ውኃው ከየትም ቢሆን ግድ የለውም?» ቢሉት፣ «እንዴት ግድ አይኖረውም! ውኃው መጥፎ ከሆነ ሆዱ ውስጥ ድንጋይ ይሠራበታል» አላቸው። ይህችን ነገር ስንት ጊዜ እንደነገሩን ቁጥር የለውም።

የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ወንጂ ላይ ያቆመው ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። ሜዳው ቀድሞ የጅሌ ኦሮሞዎች ከብት የሚሰማራበት ነበር። አገዳው በአዋሽ ውኃ የሚለማ በመሆኑ ለቦይ ቁፋሮ ሰው ይፈለግ ነበርና አካኮም ቤተሰባቸውን ይዘው ወረዱ። ቀን ቦይ ይቆፍራሉ፣ ማታ በጨረቃ ከባለመሬት በእኩል የያዟትን ማሳ ያርማሉ። መቼ እንደሚተኙ እንጃ። ቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ እኛም የተወለድነው በዚያው ዓመት ነው፣ «ወንዝ እንዴት ይታሰራል?» ብለው በእግራቸው ሄደው አይተው መጡ።

የሰፈርንባት መንደር ከሜዳው ዳር ነበረችና ሴቶች ውኃ የሚቀዱት ከሩቅ ነበር። አካኮ የአንድ በጋ ሌሊታቸውን ሰጥተው፣ በዶማና በአካፋ፣ አፈሩን በቆዳ አቁማዳ እያስወጡ ጉድጓድ ቆፈሩ። ውኃው ኩልል ያለ ነበር። መንደሩ በሙሉ መረቃቸው። በሰርግም በለቅሶም ከፊት የሚቀመጡት በዚያ ጉድጓድ የተነሣ ነው።

ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን የልጆቹ ጥርስ መበለዝ ጀመረ። ወንጂ አካባቢ ያደገ ሰው በጥርሱ እንደሚታወቅ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ የኛም ጥርስ ምስክር ነው። ሰው ሁሉ የአገሩ አየር ነው፣ አገዳ መምጠጥ ነው ሲል አካኮ ዝም ብለው ይቆጥሩ ነበር። ደጋ የተወለደው አባታችን ጥርሱ ነጭ ነው፤ እዚሁ የተወለደው ታናሽ ወንድሙ ቡናማ ነው። እናት አንድ፣ ምግብ አንድ። በሬ ሲገዙ እንደ ማንኛውም ገበሬ አፉን ከፍተው ዕድሜውን ያያሉና፣ ሜዳው ላይ ያደገው በሬ ጥርሱ ቶሎ እንደሚያልቅም አስተዋሉ። አንድ ቀን ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ «ነገሩ የኔ ጉድጓድ ነው፤ እንድፈነው» አሉ። ሳቁባቸው። የገዛ ጉድጓዱን የሚከስ ሰው ታይቶ ያውቃል? እውነቱን ለመናገር እኛም ልጆቹ ስቀናል።

እህታችን በ1960 ዓ.ም. ስትወለድ አካኮ፣ «ይቺ ልጅ ከጉድጓዱ አትጠጣም» ብለው በአህያ ከቦይ የአዋሽን ውኃ ያስመጡላት ጀመር። ሕፃኗን ተቅማጥ ያዛት። እኛም ውኃ ስንቀዳ ቦዩ ውስጥ እየገባን ቢልሃርዝያ ለቀመን። እናታችን፣ «በጥርስ ምክንያት ልጆቼን ሊፈጅብኝ ነው» ብላ አለቀሰች። አካኮ በዚያን ቀን እህል አልቀመሱም። በመጨረሻ ስምምነቱ ውኃውን አፍልቶ ማጠጣት ሆነ። እህታችን ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች፤ ስትስቅ ጥርሷ በረዶ ነው።

ነገሩን ኋላ ምሁራን ገልጠውታል። ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር በመሆኑ፣ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከዓለቱና ከአመዱ ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር እያሟሟ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በኛ ሸለቆ ከ10 ያለፈ ጉድጓድ ተገኝቷል። ጥርስን የሚያበልዘው ጥርስ ገና በድድ ውስጥ በሚሠራበት በልጅነት ነው። ስለዚህ አድጎ የመጣ ሰው ጥርሱ አይነካም፤ ለብዙ ዓመታት ከጠጣ ግን አጥንቱን ያገኘዋል፣ አንገትና ወገብ ይደርቃል። ወንጂ ላይ ይህ የአጥንት በሽታ በ1960ዎቹ ተመዝግቧል። እዚህ ላይ እናቶች ልብ ይበሉልን፤ ማፍላት የቦይን ውኃ ተሐዋስያን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ያወፍረዋል። የሚያወጣው ልዩ ማጣሪያ ነው፤ ከተቃጠለ የከብት አጥንት ከሰል የሚሠራም አለ።

አካኮ ይህንን ሳይሰሙ ሞቱ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ዕድሜ ልካቸውን በእኩል ያረሷት ማሳ የራሳቸው ሆነች፤ ጀርባቸው ግን ያን ጊዜ ጎብጦ ነበር። ሞፈር መጨበጥ አልቻሉም። ሰው ለማየት አንገታቸው ስለማይዞር መላ ሰውነታቸውን ያዞሩ ነበር። «ሆዴ ውስጥ ድንጋይ ሠራ» ይሉ ነበር እየሳቁ፣ ያንን የባቡር ሠራተኛ አስታውሰው። ሌላ ውኃ አምጡልኝ ግን አንድ ቀን አላሉም፤ «መንደሩ የሚጠጣውን እጠጣለሁ፣ የቆፈርኩት እኔ ነኝ» ነው መልሳቸው።

ያረፉት በ1974 ዓ.ም. ነው። የመንደራችን እድርተኞች ገንዘው ሲያበቁ ጀርባቸው አልቃና ስላለ ቃሬዛው ላይ በጎናቸው አስተኛናቸው። ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ በጉድጓዱ አጠገብ ያልፋል። ሴቶች ውኃ እየቀዱ ነበር፤ እኛ እስክናልፍ እንስራቸውን አውርደው ቆሙ።