ፍሬምናጦስን ያደረሰው ነፋስ፦ የጥንት መርከብ በባሕር ዳርቻ ምን ያህል ይፈጥን ነበር?

በአዳማ፣ በሞጆ ወይም በመተሐራ የምታገለግሉ ሁሉ ከጅቡቲ ወደብ ጭነው የሚመጡትን ከባድ መኪኖች በየቀኑ ታያላችሁ። ባሕሩ ቅርብ ይመስላል። ወንጌል በዚያው ባሕር ወደ አክሱም ሲመጣ ግን ጉዞው የሚለካው በነፋስ ነበር።

በ1ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ የቀይ ባሕር የነጋዴዎች መምሪያ፣ ከግብጹ ወደብ ከበረኒቄ እስከ አዱሊስ ያለውን ርቀት 7,000 ስታዲዮን ያህል ያደርገዋል፤ ይህም ወደ 1,300 ኪሎ ሜትር ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ከጥንት የጉዞ ዘገባዎች እንዳሰሉት፣ ባለ ሸራ መርከብ በመልካም ነፋስ በሰዓት ከ7 እስከ 11 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ነፋሱ ሲቃወማት ግን 4 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ብቻ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ቀይ ባሕር ከውኃ በታች ቋጥኝ የሞላበት ስለሆነ መርከበኞች ቀን ተጉዘው ሌሊት መልሕቅ ይጥላሉ እንበል። በቀን 12 ሰዓት በመልካም ነፋስ 108 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከአዳማ አዲስ አበባ ያህል ይሄዳሉ፤ አዱሊስም በ12 ቀን ይገባሉ። ወደ ሰሜን ሲመለሱ ግን የሰሜኑ ነፋስ ፊት ለፊት ይገጥማቸዋል። ያን ጊዜ የቀን ጉዟቸው ከአዳማ ቢሾፍቱ ቢያደርስ ነው፤ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። የኖርዌዩ ባሕረኛ ኦተሬም በ9ኛው መቶ ዘመን ለሳክሶኑ ንጉሥ ለአልፍሬድ ተመሳሳይ ነገር ነግሮታል፦ ሌሊት እያደሩ ለሚሄዱ፣ በየቀኑ መልካም ነፋስ ቢኖርም፣ ከአገሩ ወደ ደቡቡ የገበያ ወደብ አንድ ወር አይበቃም።

ይህ ስሌት ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ሩፊኖስ እንደ ጻፈው፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተማረኩት መርከባቸው ውኃና ስንቅ ለመሙላት ወደብ በገባች ጊዜ ነው። የዳርቻ መርከብ ሳትቆም መሄድ አትችልም። ያ መዘግየት ለባልንጀሮቻቸው ሞት ሆነ፤ ለአክሱም ግን የወንጌል በር ተከፈተበት። በኋላም ፍሬምናጦስ ኤጲስ ቆጶስ እንዲላክ ለመጠየቅ ወደ አትናቴዎስ ወደ እስክንድርያ ወጣ፤ ራሱ ተሹሞ ተመለሰ። በዚህ ርቀት ላይ ያለች ቤተ ክርስቲያን ለእያንዳንዱ ጥያቄ ወደ እስክንድርያ መላክ አትችልም ነበርና፣ ከመንጋው ጋር የሚኖር እረኛ ያስፈልጋት ነበር።

እንግዲህ ወደ ሐዋርያት ሥራ እንመለስ። ጳውሎስ ከጢሮአዳ ናጱሌ በሁለት ቀን ደረሰ (16፥11)። ብዙዎቻችን ይህን ፈጣን ነፋስ የእግዚአብሔር ፈቃድ ማኅተም አድርገን ሰብከናል። ነገር ግን በዚያው ባሕር ሲመለስ አምስት ቀን ፈጀበት (20፥6)። በፈጣኑ ጉዞ መጨረሻ የጠበቀው የፊልጵስዩስ በትርና ወኅኒ ነው፤ በዘገየው ጉዞ መጨረሻ ደግሞ እንጀራ የሚቆርሱ ወንድሞች። ሉቃስ ቀኖቹን ቆጥሮ ጻፈ እንጂ ነፋሱን አልተረጎመውም።

ስለዚህ አገልግሎቱ የዘገየበትን ወንድም ወይም እህት ስትመክሩ፣ መዘግየቱን የእግዚአብሔር ፊት መዞር ነው ብላችሁ አትፍረዱ። መንገዱ የቀናለትንም በፍጥነቱ ብቻ አታጽድቁት። ጥሪው የሚመዘነው በቃሉና በፍሬው ነው።